ከጓሮ ወደ ሜዳ

ጎልፍ የሚለው ቃል በተማሪዎች መካከል ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሳቅ ይሰማል። አንደኛው «የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል ሳቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ትንሽ ኳስ እየተከተሉ ግማሽ ቀን በእግር መዞር ምኑ ጨዋታ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ሳቆች ፈጽሞ መሠረት የላቸውም ለማለት አልደፍርም። በአገራችን የጎልፍ ሜዳ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከተጫዋቾቹም ይልቅ ዱላ የሚሸከሙላቸው ካዲዎች ሜዳውን አሳምረው ያውቁታል። ዳሩ ግን እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታው ክብር ለመከራከር አይደለም። የምጽፈው ሰው ለብቻው ሆኖ ያስተካከለውን ነገር፣ ሰው በሚያይበትና ውጤት በሚመዘገብበት ሥፍራ ይዞ መውጣት ለምን እንደሚከብድና እንዴት እንደሚቻል ነው። ይህም የጎልፍ ተጫዋች ችግር ብቻ አይደለም። በዶርም ውስጥ ሲያስረዳ አንደበቱ እንደ ወንዝ ሲፈስ አምሽቶ፣ በማግሥቱ በክፍል ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰርበት ጓደኛችን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ የእኔ ዓይነቱ ሰው ከጎልፍ ጋር እንዴት ሊተዋወቅ እንደ ቻለ መናገር ይገባኛል። አያቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ከወሎ ተነሥተው በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ሰዎች አንዱ ናቸው። ይዘውት የመጡት ዕቃ ጥቂት ነበር፤ የገና ጨዋታ ዕውቀታቸውን ግን ድርቁም መንገዱም አልወሰደባቸውም። ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ እንጨት ከጫካ መርጠው ይቈርጣሉ፤ እሳቸው ሩር የሚሏትን ኳስ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም በሁለት እጃቸው ዱላውን ይዘው ሲመቱ ሩሯ ከዓይን ትሰወራለች። አባቴ መምህር ሆነው ወደ ቶንጎ፣ ወደ ማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በተመደቡ ጊዜ ይህ የአያቴ አመታት ከእኛ ጋር ወደዚያ ሄደ። የገና በዓል የቶንጎ ልጆች የአብዛኞቹ በዓል አይደለም፤ ዱላና ኳስ ግን የማንም ልጅ ናቸውና ከማኦውም፣ ከኮሞውም፣ ከበርታውም፣ ከኦሮሞውም ልጅ ጋር ዓመቱን ሙሉ ስንመታ አደግን። ስለዚህ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ በእጄ ላይ የዐሥር ዓመት ልማድ ነበረብኝ ማለት ነው።

የእናቴ ወንድም በአዲስ አበባ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ ከሃያ ዓመት በላይ በካዲነት ኖረዋል። በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እየሄድሁ ቦርሳ እሸከም ነበር። አንድ ቀን የመታሁትን አይተው፣ «ልጄ፣ ኀይልስ አለህ፤ ግን አንተ የምትመታው ገና ነው» አሉኝ። ከዚያም አንድ ነገር ነገሩኝ። ሜዳው ለጀማሪ ሕፃናት ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ወጣት ይፈልጋል፤ ክፍያውም ለአንድ ተማሪ ለወረቀት ማባዣ፣ ለሳሙናና ወደ አገር ቤት ለመሳፈሪያ ይበቃል። ሆኖም ተፈላጊው ሰው ዘጠኙን ጉድጓድ በሰው ፊት ተጫውቶ በ45 ምት ወይም ከዚያ በታች መጨረስ አለበት፤ የሜዳው ደንብ 36 ነው። ከአንድ መምህር ደመወዝ አራት ልጆች በሚያስተምር ቤት ይህ ዕድል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። እኔ ግን በዚያን ጊዜ በ60 ምት እንኳ የምጨርስ አልነበርሁም።

እንግዲህ የገና አመታትና የጎልፍ አመታት ልዩነታቸው ምንድን ነው? በገና ኳሷ ትሮጣለች፤ ባለጋራም ይጋፋል፤ ስለዚህ መቺው በትከሻው ወደ ፊት ተወርውሮ በፍጥነት ይመታል፤ ኳሷ ወደ ተቃራኒው ወገን ከሄደች ሁሉም ደስ ይለዋል። በጎልፍ ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ክብደቷ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ የምትገባበትም ጉድጓድ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ነው። ዱላው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚፈጅበት ጊዜ የሴኮንድ ሩብ ያህል ነው፤ የዱላው ፊት ኳሷን ነክቶ የሚቆየው ደግሞ ከሴኮንድ አንድ ሁለት ሺሕኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደ ዞረ ኳሷ ወዴት እንደምትነሣ ይወስናል። እንደ እኔ በትከሻ ተወርውሮ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመታ ቀኝ እጅ ተጫዋች ኳሱ በአየር ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ ዱር ትገባለች። ጋሼ ያዘዙኝ ለውጥ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የግራ እጄን አያያዝ ማስተካከል፣ ሁለተኛው ምቱን ከትከሻ ሳይሆን ከእግርና ከወገብ መጀመር። ለሁለተኛውም የሰጡኝ ምሳሌ «በወንዝ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጎን ስትወረውር እንደምታደርገው» የሚል ነበር።

ክረምት ሲገባ አንድ ሰባት ቁጥር የብረት ዱላ ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህን ይዤ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ስጓዝ ተሳፋሪው ሁሉ የምን መሣሪያ እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። ቶንጎ በክረምት ዝናቡ ከባድ፣ ሣሩም ረጅም ነው፤ እውነተኛ ኳስ በዚያ ሣር ውስጥ ብትገባ በመስከረምም አትገኝም። ስለዚህ ጨርቅ በክር ጠቅልዬ ሃያ ትናንሽ ኳሶች ሠራሁ። እነዚህ ከዐሥራ አምስት ክንድ ርቀው አይሄዱም፤ የጎረቤትም መስኮት አይሰብሩም። በጓሯችን ሁለት የቀርከሃ እንጨት ተክዬ ዱላው የሚያልፍበትን መንገድ ምልክት አደረግሁ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የመጣሁ እንደሆነ ዱላው ቀርከሃውን ገጭቶ እጄን ያነዝረኛል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ወጥቼ በቀስታ፣ ከዚያም በግማሽ ኀይል፣ ከዚያም በሙሉ ኀይል ሃያውን እመታ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ቀርከሃዎቹ ከእኔ ጋር ታርቀው ነበር። እናቴ ሳይቀሩ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «አሁንስ አማረብህ» አሉ።

ይህ የመጀመሪያው ደረጃ አስፈላጊ መሆኑን ማንም ሊጠራጠር አይገባውም። ፊትስና ፖዝነር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰው ማናቸውንም የእጅ ጥበብ ሲማር ሦስት ደረጃ ያልፋል ይላሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ነገር በአሳቡ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ነገሮቹን ያገናኛል፤ በመጨረሻ ሳያስብ ያደርገዋል። ልማዱን የሚለውጥ ሰው እንግዲህ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ መውረድ አለበት። ይህ መውረድ ለታላላቆቹም አልቀረላቸውም። እንግሊዛዊው ኒክ ፋልዶ የታወቀ አሸናፊ ከሆነ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ አመታቱን ከዴቪድ ሌድቤተር ጋር ሆኖ እንደገና መሥራት ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ስሙ ደብዝዞ ከቆየ በኋላ በ1987 በሚውርፊልድ ሜዳ የብሪታንያን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ፣ በመጨረሻው ቀን ዐሥራ ስምንቱንም ጉድጓድ ያለ አንዳች ጉድለት በደንቡ ልክ ጨረሰ። ታይገር ዉድስም እንደዚሁ በ1997 የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ብልጫ ካሸነፈ በኋላ አመታቱን አፍርሶ መሥራት ጀመረ። በ1998 በአሜሪካ ዋናው የውድድር ዙር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በ1999 ስምንት ጊዜ፣ በ2000 ደግሞ የአሜሪካን ሻምፒዮና በ15 ምት ብልጫ አሸነፈ። መሐል ላይ ያለችው ያች ጨለማ ዓመት የለውጡ ዋጋ ነበረች።

በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ከጋሼና ከሁለት ካዲዎች ጋር ወደ ሜዳ ወጣሁ። በመጀመሪያው ጉድጓድ በቀኝ በኩል የውሃ ቦይ አለ። ከኳሷ አጠገብ ስቆም በቶንጎ የሌሉ ነገሮች ሁሉ ተሰበሰቡ፤ የሚያይ ሰው፣ የሚጻፍ ቍጥር፣ የምትጠፋ ኳስ፣ ተዳፋት መሬት። ዓይኔ ቦዩን ባየ ጊዜ እጄ አያቴን አስታወሰ። ኳሷም ወደ ቀኝ ታጥፋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ጋሼ ከት ብለው ሥቀው፣ «ምነው ልጄ፣ አዲሱን አመታት ቶንጎ ትተኸው መጣህ እንዴ?» አሉኝ። በዚያን ቀን ከዘጠኙ ጉድጓድ በስድስቱ የገና አመታቴ ተመለሰ። ካዲዎቹ አልተደነቁም። በልምምዱ ሥፍራ እንደ ንጉሥ የሚመታ፣ በሜዳው ላይ እንደ እንግዳ የሚደናበር ሰው በየቀኑ ያያሉና።

ነገሩ ቈይቶ ሲያብላላኝ በቤተ መጻሕፍት ጥቂት ጽሑፎች መረመርሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍለው ሦስት ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ አስተማሩ። አንደኛው ወገን አንዱን ዓይነት ደጋግሞ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሌላው አለፈ። ሁለተኛው ወገን ሦስቱን እያቀላቀለ ተለማመደ። በልምምዱ ጊዜ የደጋገመው ወገን በጣም በለጠ። ከዐሥር ቀን በኋላ በተፈተኑ ጊዜ ግን ያቀላቀለው ወገን በለጠ፤ አዲስ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲሰጠውም ቶሎ የተስማማው እርሱ ነበር። በ1986 ጉድና ማጊል ሦስት ዓይነት የባድሚንተን አጀማመር አስተምረው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ትርጕሙ ግልጽ ነው። ሃያ ጊዜ አንዱን ምት የሚደጋግም ሰው ከሁለተኛው ጀምሮ አያስብም፤ የፊተኛውን ይገለብጣል እንጂ። የጎልፍ ሜዳ ግን መገልበጥ አይፈቅድም። እዚያ አንድ ምት ተመትቶ ሌላው እስኪመታ ብዙ ደቂቃ ያልፋል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ምትም በተከታታይ አይመጣም። ስለዚህ በጓሮ ያማረው ምት የእኔ ሳይሆን የጓሮው ነበር ለማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አነበብሁ። በ1999 ገብርኤለ ቩልፍ ከባልደረቦቿ ጋር የጎልፍ ጀማሪዎችን ፈትና፣ አሳባቸውን በክንዳቸው ላይ እንዲያደርጉ ከታዘዙት ይልቅ በዱላው አካሄድ ላይ እንዲያደርጉ የታዘዙት የተሻለ ሆነው አገኘቻቸው። ይህን ለጋሼ ባነብላቸው ጊዜ፣ «ታዲያ እኔ ስለ ድንጋይ ስነግርህ ስለ ክንድህ ነገርሁህ?» ብለው መለሱልኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ክረምት እንግዲህ በሌላ ሥርዓት ተጀመረ። የመጀመሪያው ሕግ ሁለት አንድ ዓይነት ምት በተከታታይ አለመምታት ነበር፤ አንዱን ወደ ቀርከሃው፣ ቀጥሎ ወደ ማንጎው ሥር፣ ቀጥሎ ከአጥሩ በላይ። ሁለተኛው ሕግ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ዱላውን አስቀምጦ መቶ እርምጃ መሄድ ነበር። ሦስተኛው ከለጥ ያለው ሥፍራ ብቻ ሳይሆን ከተዳፋቱም፣ ከጭቃውም፣ ከረጅሙም ሣር መምታት ነበር። አራተኛውና ዋነኛው ግን ተመልካች ነበር። የሠፈሩን ልጆች ሰብስቤ ውል ገባሁ፤ ካመለከትሁት ሥፍራ ኳሷ ከራቀች እሸት በቆሎ እገዛላቸዋለሁ፤ ከደረሰች ግን እነሱ ኳሷን አምጥተው ይሰጡኛል። ልጆቹ በአራት ቋንቋ እየጮኹ እንዳመልጥ ይመኙልኝ ነበር። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ሸንጎ በአዲስ አበባም አላጋጠመኝም። በምቱ ጊዜ በአሳቤ የምይዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ድንጋይ»። ስለ እጄም፣ ስለ ወገቤም፣ ስለ ትከሻዬም የማስበው ከኳሷ ራቅ ብዬ በቆምሁበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደ ኳሷ ከቀረብሁ በኋላ ሌላ አሳብ አይገባም።

ውጤቱ ከአምናው የባሰ ይመስል ነበር። የበቆሎ ዕዳዬም በዛ። አባቴ ቆመው አይተው፣ «ዓምና የተሻልህ አልነበርህም?» ሲሉኝ የ1979ኙን ፈተና አስረዳኋቸው። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ በክፍላቸውም ማባዛት ብቻ በሚሠራበት ሳምንት ሁሉም ልጅ ጐበዝ እንደሚሆን፣ ማባዛትና ማካፈል ተቀላቅሎ በመጣ ጊዜ ግን ግማሹ እንደሚደናገር ነገሩኝ። በሚቀጥለው ዓመት የቤት ሥራውን ከመጀመሪያው እያቀላቀሉ መስጠት ጀመሩ። እኔ ለጎልፍ የፈለግሁት ነገር ለአራተኛ ክፍል ሒሳብ መዋሉ ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል።

ከጓሮ ወደ ሜዳ ስለ መሻገር ሳስብ ሁልጊዜ በአሳቤ የሚመጣው የአበበ ቢቂላ ነገር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶን በባዶ እግሩ ማሸነፉን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ከሩጫው በፊት የሆነው ነው። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው በጐበኙ ጊዜ፣ ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ራቅ ብሎ ጣሊያኖች ከአገራችን የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ አገኙት። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የሚሮጥበት ሥፍራ ይኸው እንዲሆን ቈረጡ። ሌሊት ሲደርስም ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጐን ለጐን ሲሮጥ ቆይቶ በዚያ አካባቢ ተለይቶ ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ገባ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል። እኔ ግን ከታሪኩ የምወስደው ይህን ነው። አበበ በአዲስ አበባ ተራራ ያካበተውን ኀይል ሮማ ላይ ያገኘው «በርታ» በሚል አጠቃላይ ምኞት አልነበረም፤ በእውነተኛው መንገድ ላይ፣ በእውነተኛ ምልክት አጠገብ፣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ስለ ወሰነ ነው።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ከመፈተኛው ቀን በፊት ያለ ዱላ ሜዳውን ዞርሁ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ምልክት መረጥሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ቦዩን ትቼ ከግራው በኩል ያለ አንድ ባሕር ዛፍ። አለመፈለግን ማነጣጠር አይቻልምና። በፈተናው ዕለት አራት ሰዎች ቆመው ሲያዩኝ ዛፉን አየሁ፤ «ድንጋይ» አልሁ፤ መታሁ። ኳሷ እጅግ ያማረች አልነበረችም፤ ቢሆንም ቀጥ ብላ ሄደች። በስድስተኛው ጉድጓድ የአያቴ አመታት ሊጠይቀኝ ብቅ ብሎ ሁለት ምት አስከፈለኝ። ጋሼ በዚህ ጊዜ አንድም ምክር አልሰጡኝም፤ ቦርሳውን አንሥተው ወደ ሰባተኛው መሄድ ጀመሩ። ይህ ዝምታ ከምክር ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ በሜዳ መካከል አመታትን ማረም አይቻልም፤ እርማቱ የጓሮ ሥራ ነውና። በ43 ምት ጨረስሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዐሥራ አንድ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም እያቀላቀሉ እንዲመቱ አደርጋለሁ።

አሮጌው አመታት ጠፍቷል ወይ የሚለኝ አለ። አልጠፋም፤ የሚጠፋም አይመስለኝም። ሰውነት የተማረውን አይደመስስም፤ አዲሱን ከጐኑ ያስቀምጣል፤ የትኛው እንደሚነሣ የሚወስነው የተለማመድንበት ሁኔታ ነው። በበኩሌም እንዲጠፋ አልመኝም። ለገና ወደ ቶንጎ ለመሄድ መንገዱ የፈቀደ እንደሆነ በዚያ ሜዳ ላይ ሰባት ቁጥር ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው በመጀመሪያው ግፊያ ይወድቃል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ፈተና ቀርቧል። ብዙዎቻችን ደብተራችንን ዘርግተን አንዱን ምዕራፍ አምስት ጊዜ እያነበብን፣ በአምስተኛው ጊዜ ስለ ቀለለን ያወቅነው ይመስለናል። ይህ የእኔ ሃያ የጨርቅ ኳስ ነው። ምዕራፎቹን አቀላቅሉ፤ ደብተሩን ዘግታችሁ ጻፉ፤ የሚያፋጥጣችሁ ጓደኛ ከፊታችሁ አስቀምጡ፤ ከተቻለም በእሸት በቆሎ ተወራረዱ። በልምምድ ጊዜ ትንሽ መሸነፍ ርካሽ ነው፤ ዋጋው በቆሎ ብቻ ነውና።